በቀሪቦ መቀቀያ በርሜል ላይ ሬዚስታንስ ስለመግጠም፦ ከደሴ የተገኘ ተሞክሮ

ደሴ ውስጥ ለሠርግ፣ ለመውሊድና ለሰደቃ ቀሪቦ እየጠመቀ የሚያቀርብ ቤተሰብ የማገዶን ጣጣ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ገብሱ ከኩታበርም ከወረኢሉም በኩል ይመጣል፤ ባህር ዛፉ ግን ከዓመት ዓመት እየተወደደ፣ በክረምት እርጥብ እየሆነ፣ ጭሱም የጠማቂዋን ዓይንና ሳንባ እየጎዳ ቆይቷል። እናቴ በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን ስለኖረች፣ እኔም የኤሌክትሪክ ሙያ ስለተማርኩ፣ መቀቀያውን ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር ወሰንን። አሁን ያ በርሜል የቤታችን ዋና የሥራ ዕቃ ነው፤ ለጎረቤትም ሌላ ሠርቻለሁ። ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ያሰበ ሰው ሕይወቱንም ገንዘቡንም ሳይጎዳ እንዲሠራው የማውቀውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ቀሪቦን ለማያውቀው አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱም የሬዚስታንሱ (ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ የሚግለው የማሞቂያ ዘንግ) ምርጫ በሙሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ድረስ ይቆላል፤ በቤታችን ልማድ ከዚያ በኋላ ሸርከት ይደረጋል። ቀጥሎ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ቡና የመሰለ መልክ ሲይዝ ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። እሳት የሚፈልገው ቆሎው ከተዘጋጀ በኋላ ያለው መቀቀል ብቻ ነው። ነገር ግን የሚቀቀለው ንጹሕ ውሃ አይደለም። የገብሱ ስታርች ወደ ውሃው ይወጣል፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ደቃቁ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል። እንዲህ ያለ ፈሳሽ በጣም የጋለ ብረት ሲነካ ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ የተጋገረው ያርራል፤ ያረረውም ሙሉውን በርሜል በማይለቅ ምሬት ይበክለዋል። ቀሪቦ በባሕርዩ የተቆላ ጣዕም ስላለው ትንሽ ማረር የማይታወቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እናቴ ግን አንድ ጉንጭ ቀምሳ ትለየዋለች፣ እንግዳም ይለየዋል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። የመረጥኩት ወፍራም የአይዝጌ ብረት በርሜል ነው፤ ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ሲሆን 60 ሊትር ሲሞላ ከላይ ለፍላቱ በቂ ቦታ ይተርፈዋል። ዘይት፣ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። ዚንክ የተቀባው ነጭ ቆርቆሮም አይሆንም፤ ጠመቃ ኮምጣጣነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል። አልሙኒየም ትልቅ ድስት ያለው ሰው በእሱ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም የመዳብ ሬዚስታንስ አልሙኒየም ላይ ሲገጠም ሁለቱ ብረቶች በፈሳሹ አማካይነት እርስ በርስ ስለሚበላሉ በመገጣጠሚያው ዙሪያ አልሙኒየሙ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ዕቃውም ሬዚስታንሱም አይዝጌ ብረት ቢሆኑ ይህ ሐሳብ ከነአካቴው ይቀራል።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስንት ዋት ያስፈልጋል የሚለውን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። በደሴ ብርድ 16 ዲግሪ ላይ ያለን 60 ሊትር ውሃ እስኪፈላ፣ ማለትም ደሴ ላይ እስከ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ለማድረስ ወደ 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም በ3,000 ዋት ሬዚስታንስ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ መሆኑ ነው፤ በበርሜሉ ግድግዳ የሚባክነው ሙቀት ሲታከልበት ሁለት ሰዓት ይሆናል። በ2,000 ዋት ደግሞ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት 3,000 ዋት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በ220 ቮልት ሲካፈል 13.6 አምፔር ይስባል፤ ይህም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ያነሰ ስለሆነ ምጣድ የቻለ መስመር ይሸከመዋል። ምጣዱና በርሜሉ ግን አንድ ላይ መሥራት የለባቸውም፤ እኛ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቀሪቦ አይቀቀልም።

ከዋቱ በላይ የሚያሳስበው ያ ዋት በምን ያህል የብረት ገጽ ላይ ተዘርግቷል የሚለው ነው። ለንጹሕ ውሃ ተብሎ የተሠራ አጭር የቦይለር ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ገጹ ላይ 15 ወይም 20 ዋት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያወጣል። ውሃን ያለ ችግር ያፈላል፤ የገብስ ውሃን ግን ያሳርራል። ለጣፋጭና ለስታርች ፈሳሽ በካሬ ሴንቲሜትር ከ8 ዋት ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ የሚፈለገው ትንሽ ኃይል በረጅም ዘንግ ላይ ተዘርግቶ የሚሰጥ ሬዚስታንስ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በየሱቁ ተዘጋጅቶ አይገኝም።

መፍትሔው ያለው ለፋብሪካ ተብለው በሚመጡት ባለ ሦስት ዘንግ ሬዚስታንሶች ላይ ነው። እነዚህ ሦስት ወደ ኋላ የታጠፉ ዘንጎች በአንድ ጥርስ ባለው ራስ ላይ የተሰበሰቡባቸው ሲሆኑ፣ ራሱ ኢንች ከሩብ ጥርስ አለው። እኔ የገዛሁት 380 ቮልት፣ 9 ኪሎዋት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነው። እያንዳንዱ ዘንግ በ380 ቮልት 3,000 ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ከሆነ፣ በቤታችን 220 ቮልት ሲገናኝ የሚሰጠው የዚያን ሲሶ፣ ማለትም 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ኃይል የሚቀንሰው ከቮልቱ ጋር እኩል ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ። ሦስቱም ዘንጎች ጎን ለጎን 220 ቮልት ላይ ሲገናኙ የምንፈልገውን 3,000 ዋት ይሰጣሉ፤ ገጻቸው ግን የ9,000 ዋት ገጽ ነው። የእኔው ዘንግ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ሲሆን ታጥፎ የተመለሰው ሙሉ ርዝመቱ 70 ሴንቲሜትር ነው፤ ሲሰላ በካሬ ሴንቲሜትር ከ6 ዋት በታች ይሆናል። ዘንጎቹን ከሥራ በኋላ ሳወጣ በላያቸው ላይ የማገኘው በጨርቅ የሚለቅ ስስ ቡናማ ሽፋን ነው እንጂ የተጋገረ ከሰል አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንባቢዬ እጅግ እንዲጠነቀቅ እለምናለሁ። በሬዚስታንሱ ራስ ላይ 380 ቮልት 9 ኪሎዋት ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ዘንጎቹ በኮከብ ቅርጽ፣ ማለትም የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ፣ እንዲገናኙ የተሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ ዘንግ የ220 ቮልት ዘንግ ነው፤ ይህንን ጎን ለጎን 220 ቮልት ላይ ያገናኘ ሰው 9,000 ዋት፣ ማለትም ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ይቀልጣል። በሦስት ማዕዘን፣ ማለትም የአንዱ ጫፍ ከቀጣዩ ጫፍ ጋር ተያይዞ፣ እንዲገናኙ የተሠሩት ብቻ ናቸው ለዚህ ሥራ የሚሆኑት። ሁለቱን የሚለየው መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ተርሚናሎቹን የሚያያይዙት ትንንሽ የመዳብ ሳህኖች መጀመሪያ ይፈታሉ፤ ከዚያም የአንዱ ዘንግ ሁለት ጫፎች በኦም ይለካሉ። ወደ 48 ኦም ካሳየ የ380 ቮልት ዘንግ ነው፤ ወደ 16 ኦም ካሳየ የ220 ቮልት ነውና መልሰው ለሻጩ ይስጡት። ሳህኖቹ ሳይፈቱ መለካት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። መልቲሜትር ይዤ ሱቅ መሄዴ ሻጩን ትንሽ ቅር አሰኝቶት ነበር፤ ምክንያቱን ካስረዳሁት በኋላ ግን ራሱ ከመደርደሪያው እያወረደ አብሮኝ ለካ።

በዚያው ጊዜ አንድ ተጨማሪ ልኬት ይወሰድ፤ ይህም ከተርሚናሉ እስከ ዘንጉ ውጫዊ ብረት ያለው ነው። መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። በዘንጉ ውስጥ የሽቦውንና የውጭውን ብረት የሚለየው ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ እርጥበት ይስባል። የተወሰነ ፍሳሽ ያሳየ ሬዚስታንስ የግድ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ ለስላሳ ሙቀት ባለው ምድጃ ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ደርቆም ካልተስተካከለ ግን አይገጠም።

ቀዳዳው በርጋታ የሚሠራ ሥራ ነው። ኢንች ከሩብ ጥርስ የውጭ ስፋቱ 42 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የ42 ሚሊሜትር ክብ መጋዝ በትራፓኖ ላይ ተገጥሞ በዝግታ፣ ዘይት እየተንጠባጠበለት ይበሳል። አይዝጌ ብረት በፍጥነት ሲበሳ ይግልና ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ መጋዙን ይበላዋል እንጂ አይበሳም። በመጀመሪያ በትንሽ ፑንታ መሐሉ ይበሳ፣ ቀጥሎ መጋዙ ይግባ፣ በመጨረሻም ጠርዙ በውስጥም በውጭም በሞረድ ይለስልስ፤ ሸካራ ጠርዝ ጎማውን ይቆርጠዋልና። የበርሜሉ ግድግዳ ክብ ስለሆነ፣ የሬዚስታንሱ ራስ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ በቀጥታ ቢጠበቅ በጎንና በጎን ክፍተት ይቀራል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ በውስጥ በኩል እንጨት ደግፎ በመዶሻ ቀስ እያሉ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የመረጥኩት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር የአይዝጌ ብረት ቱቦ ቀዳዳው ላይ ማስበየድ ነው። በያጁ የአይዝጌ ብረት ኤሌክትሮድ መጠቀሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደ ወዲያው ይዝጋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሬዚስታንሱን ግን ለማጽዳት እንደ ቧንቧ ፈትቶ መልሶ ማሰር ስለሚያስችል ዋጋውን ይመልሳል።

ውሃ የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ጎማው ነው። ይህ ጥርስ ወደ ጫፉ የማይጠብብ ቀጥ ያለ ጥርስ ስለሆነ ቴፍሎን ብቻ ቢጠቀለልበት ማንጠባጠቡ አይቀርም። ለምግብ የሚሆን ወፍራም የሲሊኮን ጎማ በራሱ ጠርዝና በቱቦው አፍ መካከል ይገባል፤ ጥቁሩ የመኪና ጎማ በሙቀት ሽታውን ለቀሪቦው ይሰጣል። ጎማው እንዳይጠማዘዝ በእጅ እስኪይዝ ካሰሩ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል መጨመር ይበቃል።

ከፍታውን በሚመለከት፣ የቀዳዳው መሐል ከበርሜሉ ወለል 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል አድርጌያለሁ። ከዚያ ዝቅ ቢል የሚዘቅጠው ደቃቅ ገብስ ዘንጎቹን ይቀብራቸዋል፤ የተቀበረ ዘንግ ደግሞ ምንም ያህል ሰፊ ገጽ ቢኖረው ያሳርራል። የመቅጃውን ቧንቧ ያስገጠምኩት ከዘንጎቹ ከፍ አድርጌ፣ ከወለሉ 10 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ብዙ ሰው ቧንቧ ከታች ካልሆነ ሁሉም አይቀዳም ብሎ ይቃወማል፤ እውነት ነው፣ 12 ሊትር ያህል ከታች ይቀራል። ነገር ግን ቧንቧው ከዘንጎቹ በላይ ስለሆነ ማንም ሰው ኃይሉ እንደበራ ረስቶ ቢቀዳ እንኳ ዘንጎቹ ከፈሳሽ ሊወጡ አይችሉም። ደርቆ የበራ ሬዚስታንስ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም፤ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽቦውም ከውጭው ብረት ጋር ይገናኛል። በሰው ቤት ያየሁት አንድ የተቃጠለ ሬዚስታንስ ጎኑ ተቀዶ ነጩ ዱቄት ከነሽቦው ወጥቶ ነበር። የሚቀረው 12 ሊትር ኃይሉ ከተነቀለና ከቀዘቀዘ በኋላ በርሜሉ ተዘንብሎ ይጠለላል።

ከዘንጎቹ በላይ ሦስት እግር ያለው፣ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ የአይዝጌ ብረት ሳህን አስቀምጫለሁ። ሸርከት የተደረገው ገብስ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ሆኖ በሳህኑ ላይ ይቀመጣል እንጂ በርሜሉ ውስጥ አይበተንም። ከረጢቱ እስከ አፉ አይሞላም፤ ገብስ ሲቀቀል ያብጣል፣ የታፈነም መሐሉ አይበስልም። በዚህ መንገድ የማጥለሉም ሥራ በግማሽ ይቀላል፤ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ማንጠፍጠፍ ነው። ስኳሩ የሚጨመረው ኃይሉ ከጠፋና ፈሳሹ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ የጋለ ዘንግ ባለበት ስኳር ማፍሰስ ካራሜል መሥራት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መሬት ሽቦ ልምጣ። በርሜሉ ብረት ነው፣ ውስጡ ውሃ ነው፣ የሚቆሙበት ወለል ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፣ የምትሠራውም እናታችን ወይም እህታችን ናት። ሬዚስታንሱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ፌዙ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ በቀጥታ ከበርሜሉ ጋር ይገናኛል። በርሜሉ ከመሬት ጋር በአስተማማኝ ሽቦ ካልተያያዘ፣ በርሜሉን የነካው ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። ስለዚህ ከሬዚስታንሱ ራስም ከበርሜሉም አካል፣ በቡለንና በዳዶ፣ ቀለም በሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ይታሰራል። በከተማችን ብዙ የቆዩ ቤቶች ሶኬታቸው የመሬት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው ምንም ሽቦ የለውም። ሶኬቱን ፈትቶ ማየት፣ ከሌለም የመዳብ ዘንግ ወደ እርጥብ መሬት በጥልቀት አስመትቶ መስመር ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ይህንን የተማረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው፣ የመሬቱንም ጥራት በመሣሪያ ይለካው። የውሃ ቧንቧን እንደ መሬት መጠቀም አይገባም፤ ዛሬ አብዛኛው መስመር ፕላስቲክ ነው። ኑትራሉን፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከበርሜሉ ጋር ማያያዝ ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ኑትራሉ ከቆጣሪው ዘንድ የላላ ቀን በርሜሉ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል።

የመሬት ሽቦ ብቻውን ግን አይበቃም። ወደ መሬት የሚፈስ ትንሽ ኃይል ሲያገኝ የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊአምፔር የሆነ ብሬከር ከመስመሩ መነሻ ላይ እንዲገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ተራው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰውን አያድንም፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ኃይል ከአንድ አምፔር አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ብሬከር መፈተኛ ቁልፍ አለው፤ እናቴ ከእያንዳንዱ ጠመቃ በፊት ትጫነዋለች፣ ሲቆርጥ መልሳ ታበራዋለች፣ ካልቆረጠ ግን ሥራው አይጀመርም። በየአንዳንዱ ቤት ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀረው ይኸው ብሬከር መሆኑ ያሳዝነኛል። ገንዘብ ካጠረ ሬዚስታንሱን ያሳንሱ፣ በርሜሉን ያሳንሱ፣ ይህን ብሬከር ግን አይተዉ።

በአንዳንድ ግቢ ውስጥ የምጣድን ባዶ ሽቦ ወይም ከባልዲ ማሞቂያ የተፈታ ክፍል ውሃ ውስጥ ከተው ሲያፈሉ አይቻለሁ። በምንም ዓይነት መልኩ መደረግ የለበትም። የምጣድ ሽቦ በሸክላ ተሸፍኖ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውና ዕቃው በሙሉ ኃይል ይይዛሉ።

ከበርሜሉ እስከ ብሬከሩ የተጠቀምኩት ሦስት ገመድ ያለው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ርቀቱ ከረዘመ 4 ሚሊሜትር ካሬ ይሻላል። ተራው ስፒና ለሁለት ሰዓት ያህል 14 አምፔር ገደማ ሲሸከም ይግላል፤ ርካሹ ደግሞ ይቀልጣል። ለፋብሪካ የሚሆነው ሰማያዊው ባለ 16 አምፔር ስፒናና ሶኬት ጥሩ ነው። ማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት አይቻልም። የሬዚስታንሱ ተርሚናሎች ክዳን ባለው ሣጥን ይሸፈናሉ፤ ገመዱም ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይወጣል፤ ከበርሜሉ የሚንጠባጠብ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ለማድረግ ነው። ተርሚናሉ ላይ ያሉት ዳዶዎች ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠመቃዎች በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ ሙቀቱ ያላላቸዋል፣ የላላ ዳዶም ራሱ ይቃጠላል።

ሦስቱ ዘንጎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ማብሪያዎቹም ፌዙንም ኑትራሉንም በአንድ ጊዜ የሚቆርጡ ናቸው። እስኪፈላ ሦስቱም ይበራሉ፣ ከፈላ በኋላ ሁለቱ ይጠፋሉ፤ ክዳኑ ገጠም እስካለ ድረስ አንዱ ዘንግ ለዝግታ ፍላት ይበቃል። ሦስቱም እንደበሩ ቢቀጥሉ ግን በሰዓት ከ4 ሊትር በላይ በእንፋሎት ይባክናል፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውም ያለ ጥቅም ይሮጣል።

ብዙዎች ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ የተወሰነለት ላይ ሲደርስ ኃይሉን ራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ለምን አልገጠምክም ይሉኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 94 ትደርሳለች። ቴርሞስታቱን 95 ላይ አድርጎ ይቆርጣል ብሎ የተኛ ሰው ደሴ ላይ ጠዋት የሚያገኘው ደረቅ በርሜል ነው፤ ፈሳሹ ከ92 አልፎ አይሞቅምና። ቴርሞስታት የሚገባ ከሆነ 88 ወይም 90 ላይ ተደርጎ ለማሳወቂያ ብቻ ይሁን። እናቴ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድማ በድምፁ ታውቀዋለች፤ ዘንጎቹ ፍላት ሲቀርብ ይዘምራሉ፣ ሲፈላ ዝም ይላሉ። እኔ ወደ ማብሪያው ስሮጥ፣ «አብሽር ልጄ፣ ገና ነው፤ መዝፈኑን አላቆመም» ትለኛለች፤ ቴርሞሜትሩም ሁልጊዜ ከእሷ ጋር ይስማማል።

የመብራት መጥፋት ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መብራት በመሐል ሲጠፋ ሰው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ በርሜሉ ማንም በሌለበት ይነሳል። እኔ የገጠምኩት ኃይል ሲቋረጥ የሚለቅና ሰው ቁልፉን ካልተጫነው ዳግም የማይነሳ፣ ኮንታክተር የሚባል ማብሪያ ነው። ይህ ካልተቻለ መብራት እንደጠፋ ስፒናውን መንቀል ልማድ ይሁን። ሌላው ደግሞ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲያበራ ቮልቱ መውረዱ ነው፤ ወደ 190 ሲወርድ የ3,000 ዋቱ ሬዚስታንስ የሚሰጠው ሦስት ሩቡን ብቻ ስለሆነ የፍላቱ ጊዜ በሲሶ ይረዝማል። ሬዚስታንሱ ተበላሸ ብሎ መፍታት አያስፈልግም፤ ማለዳ ወይም ከምሳ በኋላ መቀቀል ይሻላል።

ለጎረቤታችን ለእትዬ የሠራሁት በርሜል በአንድ ነገር ይለያል። እሳቸው ለበዓል ጠጅ ስለሚጥሉ የሚቀቅሉት የጌሾ እንጨት ነው፤ የቀሪቦ በርሜልና የጠጅ በርሜል ደግሞ አንድ ሊሆን ስለማይገባ ለየብቻ ሠርተናል። የጌሾ ውሃ ስታርች ስለሌለው ዘንጎቹን አያስቸግርም። ማሩ ግን በርሜሉ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የጌሾው ውሃ ተቀድቶ ለብ ካለ በኋላ በሌላ ዕቃ ውስጥ ይበረዛል። ጋኑን ለማጠብ የሚሆን የፈላ ውሃም ከዚያው ይቀዳሉ።

በርሜሉ ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ያለ ኃይል በውሃ ሞልቶ፣ ከሥሩ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር ነው፤ አንድ ጠብታ እንኳ ካርቶኑ ላይ ትታያለች። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልቶ መድፋት ያስፈልጋል፤ ከፋብሪካ የቀረው ዘይትና የብየዳው ሽታ የሚወጣው በዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ጠመቃ በኋላ ዘንጎቹ ሳይደርቁ በጨርቅ ይታበሱ። ከውሃው የሚመጣ ነጭ ቅርፊት ሲይዛቸው ውሃ ሞልቶ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጨምሮ ለብ ማድረግና ማሳደር ይበቃል፤ በቢላዋ መፋቅ ገጹን ይቧጭረዋል፣ በተቧጨረው ላይ ደግሞ ገብሱ ቶሎ ይይዛል። የሠርጉ ወራት አልፎ በርሜሉ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ሬዚስታንሱ ተፈትቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ተመልሶ ከመገጠሙ በፊት ሁለቱ ልኬቶች፣ የዘንጎቹ ኦምና ከዘንጉ ወደ ብረቱ ያለው ፍሳሽ፣ እንደገና ይወሰዱ፤ የሲሊኮን ጎማውም በአዲስ ይተካ።